ማሃባራታን ለቴሌቪዥን መጻፍ፦ ከመጀመሪያው ንባብ እስከ መጨረሻው ትዕይንት

አንድ አሽከር ወደ ሴቶቹ እልፍኝ ይገባና ንግሥቲቱን «ባለቤትዎ እርስዎን በቁማር አስይዘው ተበልተዋል፤ ወደ አዳራሹ ይምጡ ተብለዋል» ይላታል። ንግሥቲቱ ድራውፓዲ ናት። አታለቅስም፣ አትጮህም። «ተመለስና ያንን ቁማርተኛ ጠይቀው፤ መጀመሪያ የተበላው ራሱን ነው ወይስ እኔን?» ትለዋለች።

የጠበቃ ጥያቄ ነው። ባሏ ዩዲሽቲራ አስቀድሞ ራሱን አስይዞ ከተበላ ባሪያ ሆኗል፤ ባሪያ ደግሞ የሚያሲዘው ንብረት የለውም። አዳራሹ ውስጥ የሕግ አዋቂዎች፣ የጦር መምህራን፣ ዕድሜ የጠገቡ መሳፍንት ተቀምጠዋል። ቁርጥ ያለ መልስ የሚሰጣት ግን ይጠፋል።

ስለ ሁለት ዘመዳም የመሳፍንት ወገኖች ጦርነት የሚናገረውን የህንድ ጥንታዊ ተረክ፣ ማሃባራታን፣ ወደ ቴሌቪዥን ለማምጣት የሚነሳ ደራሲ እስክሪብቶ ሳያነሳ ይህን ትዕይንት ደጋግሞ ቢያነብ እመክራለሁ። ተረኩ ውስጥ ጦርነት ሞልቷል፣ አማልክት ይመላለሳሉ፣ እርግማንና ስእለት እንደ ጉድ ነው። ሰውን ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ይዞ ያቆየው ግን እንዲህ ያለ፣ ተጠይቆ ሜዳ ላይ የቀረ ጥያቄ ነው። ቴሌቪዥን በበኩሉ ሜዳ ላይ የቀረ ጥያቄ አይወድም፤ ክፉውን በሙዚቃ ለይቶ፣ ደጉን በመብራት አድምቆ ማቅረብ ይቀናዋል። ከዚህ በታች የምጽፈው መመሪያ በሙሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ስላለው ትግል ነው። የህንድ ተከታታይ ድራማ በአማርኛ ድምጽ ተተርጉሞ ሳሎናችን ከገባ ቆይቷል፤ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለሚጽፈውም፣ ለሚተረጉመውም፣ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ለሚያየውም ይጠቅማል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ የትኛውን ማሃባራታ ነው የምትጽፉት?

በልማድ ማሃባራታ መቶ ሺህ ሽሎካ አለው ይባላል። ሽሎካ ማለት ባለ ሁለት መስመር ግጥም ነው። የተከፋፈለው በ18 መጻሕፍት ሲሆን ደራሲው ቪያሳ ይባላል። ነገር ግን አንድ ወጥ መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርዳችሁ «ይኸው» የምትሉት አይደለም። ሰሜኑ የራሱ ቅጂ አለው፣ ደቡቡም የራሱ፤ በመንደር የሚተረከው ደግሞ ሌላ ነው። በፑኔ ከተማ የሚገኘው የባንዳርካር የምሥራቃውያን ጥናት ተቋም ከ1919 ጀምሮ ከ1,200 በላይ የብራናና የወረቀት ቅጂዎችን እያመሳከረ ሠርቶ በ1966 ያጠናቀቀው እትም አለ። ምሁራን የሚጠቅሱት እሱን ነው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ተመልካች በልቡ ከሚያውቃቸው ታሪኮች ብዙዎቹ ከፑኔው እትም ዋና ገጽ ወርደው የግርጌ ማስታወሻና ተጨማሪ ክፍል ውስጥ ገብተዋል። ዝሆን ራሱ አምላክ ጋኔሻ የቪያሳ ጸሐፊ ሆነ የሚለው ታሪክ ወርዷል። ድራውፓዲ በባል መምረጫው ውድድር ላይ ካርናን «የሠረገላ ነጂ ልጅ አላገባም» ብላ መለሰችው የሚለውም ወርዷል። ጽሑፉን አጥንቶ የመጣ ደራሲ እነዚህን ቢያስቀር ተመልካቹ «ሰረቁን» ይላል፤ ቢያስገባ ደግሞ ሊቃውንቱ ያጉረመርማሉ።

እኔ የምመክረው አንድ ትልቅ ደብተር ገዝቶ እያንዳንዱን ገጽ በሦስት ዓምድ መክፈል ነው። በመጀመሪያው ዓምድ በጥንቱ የህንድ ቋንቋ በሳንስክሪት የተጻፈው የሚለውን፣ በሁለተኛው ሕዝቡ የሚተርከውን፣ በሦስተኛው ቀደም ያሉ ድራማዎች የተከሉትን ጻፉ። ሦስተኛውን ዓምድ አትናቁት። በ1988 የተጀመረው የቢ.አር. ቾፕራ ማሃባራት 94 ክፍል ነበረው፤ ለአንድ ትውልድ «መጽሐፉ» ራሱ ያ ድራማ ነው።

የደብተሩን ጥቅም በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ልዑል ዱርዮዳና የአጎቱን ልጆች፣ ማለትም የዩዲሽቲራንና የአራት ወንድሞቹን (ፓንዳቫዎች ይባላሉ)፣ አዲስ ቤተ መንግሥት ሊጎበኝ ይሄዳል። ወለል መስሎት ኩሬ ውስጥ ይወድቃል። በ1988ቱ ድራማ ድራውፓዲ ከላይ ሆና እየሳቀች «የዕውር ልጅ ዕውር» ትለዋለች፤ አባቱ ዲሪታራሽትራ ዓይነ ስውር ነውና። ዛሬ ማንንም ህንዳዊ ብትጠይቁ ይህን ቃል ይነግራችኋል። ሳንስክሪቱን ስትከፍቱ ግን ስድቡ የለም። ኩሬው ዳር የሚስቁት ቢማና ወንድሞቹ፣ አሽከሮቹም ናቸው። የድራውፓዲ ሳቅ የሚመጣው በኋላ ነው፤ ያውም ዱርዮዳና ራሱ ቤቱ ተመልሶ ለአባቱ ሲያወራ ብቻ።

ይህ ለድራማ ጸሐፊ የወርቅ ማዕድን ነው። የተዋረደ ሰው ሲያወራ ሳቁን ይጨምራል። በእርግጥ ስቃለች ወይስ ቁስሉ ነው ያሳቃት? ስድቡን ካስገባችሁት ደግሞ ዳፋው የሚታየው ከብዙ ክፍል በኋላ ቁማሩ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ፀጉሯን ይዘው ሲጎትቷት ከተመልካቹ እኩሌታው «አፏ ነው ያመጣባት» ይላል። አንዲት ዓረፍተ ነገር የአዳራሹን ፍርድ ገለበጠች ማለት ነው። እያንዳንዱን ተወዳጅ ጭማሪ በዚህ ዓይን መርምሩ፤ ስንት ሰው ይወደዋል ብቻ ሳይሆን ወደ ፊት የየትኛውን ትዕይንት ፍርድ ያዛባል ብላችሁ።

ሌላውን የህንድ ጥንታዊ ተረክ ራማያናን ለሚሠራም ያው ነው። ላክሽማና የወንድሙን የራማን ሚስት ሲታን «ከዚህ እንዳታልፊ» ብሎ መሬት ላይ ያሰመረላት መስመር፣ የተረኩ ደራሲ ቫልሚኪ ስለ ሲታ መጠለፍ በጻፈው ውስጥ የለም። ሕዝቡ ግን ያለ እሱ አያውቀውም።

ሁለተኛ፦ አንድ ጥያቄ ምረጡ፣ ከዚያም አትመልሱት

18 መጻሕፍት ሁሉንም ይዘው ቴሌቪዥን ውስጥ አይገቡም። የሚገባው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ የተሰበሰበው ነው። የድራውፓዲን ጥያቄ ልትይዙ ትችላላችሁ። ወይም የካርናን፤ ከንግሥት ማኅፀን ወጥቶ በሠረገላ ነጂ ቤት ያደገ ሰው ታማኝነቱ ለወለደው ነው ወይስ በጨለማው ቀን እጁን ለያዘው? ወይም የዩዲሽቲራን፤ ጻድቅ የሚባል ሰው እንዴት ቁማርተኛ ይሆናል? አንዱን መርጣችሁ በደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፉት።

መፈተኛው ቀላል ነው። ከገጸ ባህሪያቱ አንዱ በአንድ ዓረፍተ ነገር መልሶ ሊዘጋው ከቻለ ጥያቄው ደካማ ነው። ድራውፓዲ ስትጠይቅ ከሁሉ በላይ የሚከበረው አያት ቢሽማ የሚላት «ዳርማ ረቂቅ ነው፤ ጥያቄሽን በትክክል መፍታት አልችልም» ነው። ይህን መልስ «ለተመልካች ግልጽ አይሆንም» ብላችሁ እንዳታስተካክሉት። እኔ ራሴ በአንድ የአማርኛ ተከታታይ ድራማ ላይ ስሠራ ሽማግሌዎች ሳይፈርዱ የሚበተኑበት ትዕይንት ጽፌ ነበር። በማግስቱ ስክሪፕቱ ሲመለስልኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሙሉ ገጽ ፍርድ ተሰጥቶት አገኘሁት። ክፍሉ ተላለፈ፣ ማንም አላወራበትም።

«ዳርማ» የሚለው ቃል ብቻውን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ሃይማኖት ብትሉት ጠበበ። ሕግ ብትሉት ደረቀ። ግዴታ፣ ወግ፣ ጽድቅ፣ ተገቢ ነገር፤ ሁሉም ጥቂት ጥቂት አላቸው። ወደ አማርኛ ለሚተረጉም ሰው የምለው ቃሉን እንዳለ ይተወው፣ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ውስጥ በሦስት የተለያዩ ሰዎች አፍ በሦስት የተለያየ ትርጉም ያስብለው ነው። ተመልካቹ ቃሉ የሚያወዛግብ መሆኑን በጆሮው ይማራል።

ሦስተኛ፦ ሰዓቱን ቁጠሩ

የቾፕራው ድራማ ከጥቅምት 1988 እስከ ሰኔ 1990 እሑድ እሑድ በመንግሥቱ ቴሌቪዥን በዶርዳርሻን ተላለፈ፤ በሳምንት አንዴ። በ2013 በስታር ፕላስ ጣቢያ የጀመረው ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ 267 ክፍል ጨረሰ። ያው ታሪክ ነው፤ ትንፋሹ ግን የተለያየ ነው። በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣ ድራማ ሰውን በቁም ነገርና በንግግር ይይዛል። በየቀኑ የሚመጣው የፊት ድራማ ይሆናል፤ አንድ ሰው ይናገራል፣ ካሜራው አምስት ፊት ላይ ይዞራል፣ ማስታወቂያ ይገባል። ዛሬ በኦንላይን የሚታየው የስምንትና የአሥር ክፍል አሠራር ሦስተኛ መንገድ ነው። እሱን ከወሰዳችሁት ሙሉውን ማሃባራታ እርሱት፤ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከቤተ መንግሥቱ ግንባታ ጀምራችሁ በስደቱ ዝጉት፣ ቁማሩን ስድስተኛውና ሰባተኛው ክፍል ላይ አድርጉ።

ዐሥራ ሁለት ያህል ካርድ ቆርጣችሁ የማይቀሩትን ክንውኖች ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የቢሽማ ስእለት፣ የካርና መወለድ፣ የላክ ቤቱ ቃጠሎ (ላክ በቀላሉ የሚቀጣጠል ሙጫ ነው)፣ የባል መምረጫው ውድድር፣ ቁማሩ፣ ስደቱ፣ የአምላኩ የክሪሽና የሰላም ጉዞ፣ ጦርነቱ፣ የሌሊቱ እልቂት። ቀሪው በመካከላቸው ይግባ፣ ካልገባም ይቅር። ከሁሉ የሚረዝመው ዐሥራ ሁለተኛው መጽሐፍ ነው፤ በፍላጻ አልጋ ላይ የተኛው ቢሽማ ስለ መንግሥትና ስለ ነፍስ የሚያስተምርበት። ከእሱ ለቴሌቪዥን የምትወስዱት ምናልባት ግማሽ ክፍል ነው። ያማል፤ ግን ቁረጡ።

ከትውልድ ሐረግ እንዳትጀምሩ። ቾፕራና ጸሐፊዎቹ ያደረጉት ብልህነት ነበር፤ የመጀመሪያው ክፍል የሚነሳው ከጥንቱ ንጉሥ ባራታ ሲሆን፣ ንጉሡ የገዛ ልጆቹን ትቶ ብቁ ያለውን ሌላ ሰው አልጋ ወራሽ ያደርጋል። መወለድ ነው ወይስ መብቃት? ከሰማንያ ክፍል በላይ የሚጓዘው ጠብ በአንድ ሹመት ተተከለ።

አራተኛ፦ የሚተርከው ማን ነው?

መጽሐፉ ራሱ እንደ ሽንኩርት ነው። ተራኪው ኡግራሽራቫስ በናይሚሻ ጫካ ለተሰበሰቡ ባሕታውያን ይተርካል። የሚተርከው ቫይሻምፓያና ለንጉሥ ጃናሜጃያ ሲተርክ የሰማውን ነው። በጦርነቱ ውስጥ ደግሞ ሳንጃያ ለዓይነ ስውሩ ንጉሥ ይተርካል። ይህን ሁሉ ልጣጭ ለቴሌቪዥን ማቆየት አይቻልም። ቾፕራዎቹ ሁሉንም አንስተው «ጊዜ» የሚባል ተራኪ ተከሉ፤ ሰው የለውም፣ በጠፈር ላይ የሚሽከረከር መንኮራኩርና የሃሪሽ ቢማኒ ድምጽ ብቻ። «እኔ ጊዜ ነኝ» ብሎ ይጀምራል። ለዘመኑ እጅግ የተዋጣለት መላ ነበር። ዛሬ ብትደግሙት ግን ቅጂ ነው የሚባለው።

እኔ ብሆን ሳንጃያን እመርጣለሁ። ብዙ ሰው ሳንጃያ ጦርነቱን እንደ ኳስ ጨዋታ በቀጥታ የሚያስተላልፍ ይመስለዋል። ጽሑፉ ግን ሌላ ነው። በዐሥረኛው ቀን ከጦር ሜዳ ይመጣና ለንጉሡ መጀመሪያ የሚነግረው «ቢሽማ ወደቀ» ብሎ ነው። ውጤቱ ቀደመ። ከዚያ ዓይነ ስውሩ ሰውዬ «እንዴት?» እያለ ወደ ኋላ ያስቆፍረዋል። የልብ አንጠልጣይ ጥበብ «ምን ይሆን?» ብቻ ይመስለናል፤ «እንዴት ሆኖ?» የሚለው የበለጠ ይገድላል፣ በተለይ የሚሰማው ሰው የገዛ ልጆቹን ሞት እያዳመጠ ከሆነ።

አምስተኛ፦ አዳራሹን ጻፉት

አሁን ወደ መጀመሪያው ትዕይንት እንመለስ። ለዚህ አንድ ትዕይንት የአንድ ወር ጊዜ ብትመድቡለት አይበዛበትም።

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ዩዲሽቲራ ሀብቱንና መንግሥቱን ይበላል። ቀጥሎ ወንድሞቹን አንድ በአንድ ያሲዛል፤ ናኩላን፣ ሳሃዴቫን፣ አርጁናን፣ ቢማን። ከሌላ እናት የተወለዱት ሁለቱ መንትዮች ቀደሙ፤ ይህንን አንድ ሰው፣ ምናልባት ናኩላ ራሱ፣ በፊቱ ብቻ ያስተውለው። ከዚያ ራሱን። ድራውፓዲ የመጨረሻዋ ናት፤ ራሱን ከተበላ በኋላ ለዱርዮዳና ወገን የሚጫወተው ሻኩኒ ነው «ገና ሚስትህ አለች» የሚለው። የጥያቄዋ ሕጋዊ ጉልበት በዚህ ቅደም ተከተል ላይ የቆመ ስለሆነ ለተፋጠነ ኤዲቲንግ ተብሎ የሚዘለል ነገር የለም።

ካሜራውን ለማን እንስጠው? ለዱርዮዳና ከሰጣችሁት የድል ትዕይንት ይሆናል፣ ለድራውፓዲ ከሰጣችሁት የሥቃይ። እኔ ለአሽከሩ እሰጠዋለሁ። ስሙ እንኳ የማይነሳ መልእክተኛ ነው፤ ከአዳራሹ ወደ እልፍኙ፣ ከእልፍኙ ወደ አዳራሹ ይመላለሳል። ሁለቱንም ክፍል የሚያየው እሱ ብቻ ነው፤ የሚፈራውም በእኛ ፈንታ እሱ ነው። እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

የሃስቲናፑር አዳራሽ፣ ውስጥ፣ ቀን።
አሽከሩ በሩ ላይ ይቆማል። ሁሉም ዞሮ ያየዋል። እሱ የሚያየው ዩዲሽቲራን ብቻ ነው።
አሽከሩ፦ ንግሥቲቱ ይጠይቃሉ። መጀመሪያ የተበሉት ራስዎን ነው ወይስ እሳቸውን?
ዩዲሽቲራ መሬት መሬት ያያል።
ዱርዮዳና፦ እዚህ መጥታ ራሷ ትጠይቅ።
አሽከሩ አይንቀሳቀስም። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ፤
አሽከሩ፦ ምን ብዬ ልንገራቸው?

ሙዚቃ አታስገቡበት። ከዚህ በኋላ የዱርዮዳና ወንድም ዱሻሳና ይላካል፣ ነገሩም ወደ ጉልበት ይሄዳል። ለእሷ የሚከራከር አንድ ወጣት አለ፤ የዱርዮዳና ታናሽ ወንድም ቪካርና። ብዙ ድራማ ቸኩሎ ያልፈዋል። አትለፉት፤ ከጠላት ወገን አንድ ሰው ብድግ ሲል ነው የሌሎቹ ዝምታ የሚሰማው። ቪካርናን የሚያስቀምጠው ደግሞ ካርና ነው፣ ዕድሜ ልኩን የተናቀው ካርና። ተመልካቹ የወደደው ሰው ክፉ ሲናገር ማየት አለበት። የአዘኔታ ሙዚቃ እያስገባችሁ አታድኑት።

ስድስተኛ፦ ተአምሩ

ዱሻሳና ልብሷን ሊገፍ ይጎትታል፣ ልብሱ ግን አያልቅም። በሕዝቡ ዘንድ ድራውፓዲ ክሪሽናን ትጣራለች፣ እሱም ከሰማይ ጨርቅ ያፈስላታል፤ የ1988ቱ ድራማም ያሳየው እንዲሁ ነው። በፑኔው እትም ጸሎቱ የለም። ልብሱ ይመጣል፣ ማን እንደላከው አይነገርም። ዱሻሳና ይደክመውና አፍሮ ቁጭ ይላል።

ለእኔ «ደክሞት አፍሮ ቁጭ አለ» የምትለዋ ከማንኛውም የኮምፒውተር ጥበብ ትበልጣለች። ክንዱን አሳዩ፣ ላቡን፣ ወለሉ ላይ የተቆለለውን ጨርቅ። ሰማዩን አታሳዩ። ነገር ግን የክሪሽናን ስም ከአፏ አትንጠቁባት፤ ለአማኙ ያ ጥሪ የትዕይንቱ ልብ ነው። ስሙ ከተጠራ፣ ማን እንደመለሰ ተመልካቹ በየእምነቱ ይሞላዋል። ለቀሪዎቹ ተአምራትም ደንቡ ይኸው ይሁን፤ ካሜራው ከአንድ ገጸ ባህሪ ዓይን በላይ አይይ።

ሰባተኛ፦ ቃለ ተውኔት

የቾፕራውን ማሃባራት ቃለ ተውኔት የጻፈው ራሂ ማሱም ራዛ ነው፤ በጋንጅ ዳር ባለው የጋዚፑር አካባቢ የተወለደ፣ የኡርዱ ገጣሚ፣ ሙስሊም። ለምን ሙስሊም ይጻፈው የሚል ተቃውሞ ተነስቶ ነበር። እሱ የፈታው ችግር የአጠራር ነበር። መሳፍንት አባታቸውን ምን ብለው ይጥሩ? ተራው የሂንዲ ቃል ተራ ሆነ፣ የጥንቱ ሳንስክሪት ራቀ። «ፒታሽሪ»፣ «ማታሽሪ» የሚሉትን አጠራሮች አስለመደ፤ ክቡር አባት፣ ክብርት እናት እንደማለት። ዛሬ ሰዉ ከጥንት የመጡ ይመስሉታል።

በተቃራኒው በሰኔ 2023 ከራማያና የተወሰደው «አዲፑሩሽ» የተባለው ፊልም የዝንጀሮ አምላኩን ሃኑማንን የመንገድ ዱርዬ አነጋገር ሰጠው። ተቃውሞው በርትቶ ፊልሙ ሲኒማ ቤት እየታየ ቃላቱ ተለወጡ። ካትማንዱም ሲታን «የህንድ ልጅ» በሚለው አንድ አነጋገር ተቆጥታ የህንድ ፊልሞችን አግዳ ነበር፤ ሲታ የተወለደችው በኔፓሉ ጃናክፑር ነው ብለው ያምናሉና።

አማርኛ እዚህ ላይ የታደለ ነው። «አንቺ»፣ «አንተ»፣ «እርስዎ»፣ «አንቱ» አለን። ቁማሩ ከመጀመሩ በፊት አዳራሹ ሁሉ ድራውፓዲን «እርስዎ» ይላታል። ዱሻሳና እልፍኟ ሲገባ «ተነሺ» ይላል። አንድ ቃል ነው፤ ባሪያ መባሏን ከየትኛውም ማብራሪያ በላይ ይናገራል። አሽከሩ ግን እስከ መጨረሻው «እርስዎ» ይበላት። እሷም ቢሽማን «አንቱ» ማለቷን አታቋርጥ፤ እያከበረች ነው የምታፋጥጠው። የተተረጎሙ ድራማዎች ስንሰማ ይህ ልዩነት ሲድበሰበስ፣ ሁሉም ሁሉንም «አንተ» ሲል እንሰማለን። ተርጓሚዎች ሆይ፣ ከማንም በላይ የእናንተ ጉዳይ ነው።

ስምንተኛ፦ ማዕዘን ላይ የቆሙት

ዘመናዊ ማድረግ ማለት ልብሱን ማሳጠር የሚመስለው አዘጋጅ አለ። ዘመናዊነቱ ያለው ካሜራውን ወደማን ታዞራላችሁ በሚለው ላይ ነው። ዱርዮዳና ፓንዳቫዎቹን ሊያቃጥል በላክና በሌላ ተቀጣጣይ ነገር ቤት አሠርቶላቸዋል። እናታቸው ኩንቲ ግብዣ ትጠራለች። ኒሻዳ ከሚባለው የጫካ ሕዝብ አንዲት ሴት ከአምስት ወንዶች ልጆቿ ጋር መጥታ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ እዚያው ሰክረው ይተኛሉ። በዚያች ሌሊት ፓንዳቫዎቹ ራሳቸው እሳቱን ለኩሰው በዋሻ ያመልጣሉ። ጠዋት ስድስት አስከሬን ይገኛል፤ አንዲት እናትና አምስት ልጆች። ሁሉም ፓንዳቫዎቹ ሞቱ ብሎ ያለቅሳል።

ስለ ሴትዮዋ ያለው ጥቂት መስመር ነው። በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። በግብዣው ላይ ሳህኗን ስትቀበል አንድ ጊዜ ፊቷን አሳዩን፣ ከልጆቿ አንዱ ስም ይኑረው። ከዚያ ምንም አትበሉ። የጀግኖቹ ንጽሕና ተመልካቹ ልብ ውስጥ በራሱ ጊዜ ይሰነጠቃል። ኤካላቪያም እንዲሁ ነው፤ መምህሩ ድሮና የቀኝ አውራ ጣቱን በመምህርነት ክፍያ የጠየቀው የኒሻዳ ልጅ። ጣቱን የቆረጠው ለአርጁና ቀዳሚነት ሲባል ነው፤ አርጁና ያኔ ምን ተሰማው? ጽሑፉ ደስ አለው ይላል። ይህን የምትደብቁ ከሆነ ሌላ ታሪክ ጻፉ።

ዘጠነኛ፦ ጦርነቱ

ጦርነቱ 18 ቀን ነው፣ ሠራዊቱም 18 አክሻውሂኒ። አንድ አክሻውሂኒ 21,870 ሠረገላ፣ 21,870 ዝሆን፣ 65,610 ፈረስና 109,350 እግረኛ ነው ይላል ጽሑፉ። ቢደመር 218,700፣ በ18 ቢባዛ 3,936,600። በጀታችሁ ይህን አይችልም፤ የማንም አይችልም። ሰው በኮምፒውተር የተባዛ ሠራዊት ለሦስት ደቂቃ ይደነቅበታል፣ ከዚያ ስልኩን ያነሳል። ከ18ቱ ቀናት አራት ወይም አምስት ምረጡና ቀሪውን በሳንጃያ አፍ አሳልፉ። ለእኔ የማይቀሩት ቢሽማ የሚወድቅበት ዐሥረኛው ቀን፣ ወጣቱ አቢማንዩ የሚከበብበት ዐሥራ ሦስተኛው፣ የካርና መንኮራኩር መሬት የሚይዘው ዐሥራ ሰባተኛው፣ ዱርዮዳና ጭኑን ከሕግ ውጭ የሚመታበት ዐሥራ ስምንተኛውና ተከትላው የምትመጣው ሌሊት ናቸው። በእያንዳንዳቸው የጦርነት ሕግ ይፈርሳል፤ የሚያፈርሰውም አንዱ ወገን ብቻ አይደለም።

ዐሥረኛ፦ ተዋናይና ተመልካች

ተዋናይ ስትመርጡ አንድ ነገር እወቁ፤ የአምላክ ፊት ትሰጡታላችሁ፣ ፊቱን መልሶ አያገኘውም። በ1987 በጀመረው የራማናንድ ሳጋር ራማያን ራማን የሠራው አሩን ጎቪል ሰው እግሩ ላይ የሚወድቅለት ሆነ፣ ሌላ ሚና ግን አጣ። ሲታን የሠራችው ዲፒካ ቺክሊያና ራቫናን የሠራው አርቪንድ ትሪቬዲ በ1991 ምርጫ ሁለቱም ለአንድ ፓርቲ ተወዳድረው ፓርላማ ገቡ። ጠላፊና ተጠላፊ ጎን ለጎን ወንበር ያዙ! ጎቪልም በ2024 ተከተላቸው።

በዚያን ጊዜ ሰዎች ታጥበው፣ ዕጣን አጭሰው፣ ቴሌቪዥኑን በአበባ አስጊጠው ይቀመጡ ነበር። ያው ድራማ ሲተላለፍ የአዮዲያ ውዝግብ (ራማ ተወለደበት በሚባለው ስፍራ ላይ በቆመው መስጊድ ዙሪያ የተነሳው) እየጋለ ነበር፤ በታኅሣሥ 1992 የባብሪ መስጊድ ፈረሰ፣ ድራማው ለዚያ መንፈስ ምን አስተዋጽኦ አደረገ የሚለውን ምሁራን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። ስለዚህ ስክሪፕቱ ሳይቀረጽ ቢያንስ ለሦስት ሰው ይነበብ፤ ለሳንስክሪት አዋቂ፣ ታሪኩን በጸሎቷ ለምታውቅ አንዲት አያት፣ ታሪኩ እንደተጠቀመበት ለሚሰማው ከዝቅተኛ መደብ ለመጣ አንባቢ። ሦስቱም ከተስማሙ የሆነ ቦታ ላይ አለስልሳችሁታል።

በሌላ አገር ፊት ይሠራ ለሚልም በር የተዘጋ አይደለም። እንግሊዛዊው የቲያትር አዘጋጅ ፒተር ብሩክ በ1985 በፈረንሳይ፣ በአቪኞን፣ በአንድ የድንጋይ ማውጫ ውስጥ ዘጠኝ ሰዓት ያህል የሚፈጅ ማሃባራታ ሲያሳይ ቢሽማን የተጫወተው ምዕራብ አፍሪካዊው ሶቲጊ ኩያቴ ነበር፤ ከአዝማሪ ዘር፣ ከግሪዮት ቤት የወጣ ሰው። ህንዳውያን ተቺዎች ሥራው ታሪኩን ከአፈሩ ነቅሎታል ብለው ነቅፈዋል። ነቀፋውን አንብቡት፤ የኩያቴንም ፊት ተመልከቱት። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

የመጨረሻው ክፍል

ብዙ ድራማ የሚዘጋው በንግሥና በዓል ነው። መጽሐፉ ግን ይቀጥላል። አምስቱ ወንድማማቾችና ድራውፓዲ መንግሥቱን ትተው ወደ ሂማላያ ይወጣሉ፤ አንድ ውሻ ይከተላቸዋል። መጀመሪያ የምትወድቀው ድራውፓዲ ናት፣ ከዚያ ሳሃዴቫ፣ ናኩላ፣ አርጁና፣ ቢማ። ዩዲሽቲራ ዞሮ አያይም። ለዚህ መውጣት አንድ ሙሉ ክፍል ስጡት፤ ንግግሩን አሳጥሩ፣ የእግር ድምጽና ነፋስ ይብቃ።

ሰማይ ሲደርስ የሚያየው ዱርዮዳናን ነው፤ ዙፋን ላይ፣ በክብር፣ እንደ ፀሐይ እያበራ። ወንድሞቹ የሉም፣ ድራውፓዲም የለችም። ይቆጣል፣ «የእኔዎቹ የት አሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ጽሑፉ ከዚህ በኋላ ሲኦልን ያሳየዋል፣ ከዚያም ሁሉ ፈተና እንደነበር ይነግረዋል። እኔ ብጽፈው ያንን ለሚያነቡት እተወዋለሁ። ዩዲሽቲራ ይጠይቅ፤ ካሜራው ፊቱ ላይ ይቆይ፤ ከአዳራሹ ትዕይንት ቀርጻችሁ ያስቀመጣችሁት የአሽከሩ የእግር ኮቴ ከሩቅ ይሰማ፣ ምስሉም ይጥፋ።